ይሉኝታዬ ከጡረታችን ሲቆረጥ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ! ግን ስክሪንሾት አድርጎ ለእናቴ የሚልክ ሰው ካለ ብሎክ ነው፣ ምህረት የለም!

ነገሩ ስለ ጡረታ ብር ነው።

ቆይ! ስክሮል አታድርጉ! እኔም እንደናንተ ስክሮል እያደረግኩ ነው እዚህ ጉድ ውስጥ የገባሁት።

የምሠራው ቤልቪው ነው፣ አንድ የቴክ ቢሮ ካፍቴሪያ ኪችን ውስጥ። ኢንጂነሮቹ ሰላጣ ይበላሉ፣ እኛ እንቆርጣለን። ቀኑን ሙሉ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቲማቲም፣ ኪያር።

አጠገቤ ቆመው የሚቆርጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ኪችኑ ውስጥ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ። ሁለቱም ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ እና ሥራ ሊያቆሙ አስበዋል። ከሰፈራችን ከዋይት ሴንተር ጠዋት የማመጣቸው፣ ማታ የምመልሳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ወሬያቸው አንድ ነው።

«ሰብልዬ፣ ያቺ ብር ትድረስልኝና ቁጭ ልበል።»

ያቺ ብር ፎር ኦ ዋን ኬያቸው ናት። ከየደሞዛችን እየተቆረጠች ለጡረታ የምትቀመጠዋ።

ሶ፣ ባለፈው ሳምንት ብሬክ ላይ ቁጭ ብዬ የጡረታውን አፕ ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ! እና ምን ባይ ጥሩ ነው? «አድቫይዘሪ ፊ» ይላል። የምክር ክፍያ! በየሦስት ወሩ ሲቆርጡብኝ ኖረዋል!

የምን ምክር? ማን መክሮኝ ያውቃል? እናቴ እንኳን በነፃ ነው የምትመክረኝ፣ ያውም በቃኝ እያልኳት!

የእትዬን ስልክ ተቀብዬ አየሁ። እሳቸውም ላይ አለ። የዳኒን አየሁ፣ ዳኒ ኩካችን ነው፣ ምግብ አብሳዩ። እሱ ላይ የለም።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም!

«እኛን ሴቶቹን ለይተው ነው የሚዘርፉን!» ብዬ ኪችኑን አናወጥኩት።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂ» አሉ እትዬ።

ቀስ? እኔ?

ዛሬ ኤችአር ስብሰባ ጠራ። የጡረታ ብራችንን ከሚይዘው ካምፓኒ ሊንዳ የምትባል ሴትዮ መጥታ ስለ ፊ ልታስረዳን ነው። ኪችኑ በሙሉ አለ፣ ጽዳቶቹ አሉ፣ ሴኩሪቲዎቹ አሉ። ፒዛ አለ። እኔ ሊፕስቲክ ተቀብቻለሁ። ለትግል!

እውነቱን ለመናገር ሴትዮዋ ደህና አድርጋ ነው ያስረዳችው። አካውንታችንን ለሚይዙት ትንሽ ይቆረጣል። ብራችን እንዲያተርፍ የገባበት ፈንድ ደግሞ የራሱን ይወስዳል፣ እሱን አስቀድሞ ቀንሶ ስለሚያሳየን ጭራሽ አናየውም። «ፐርሰንቷ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት» አለችን።

ያቺ ፐርሰንት ከትርፉ ብቻ የምትነሳ መስሎኝ ነበር እኮ! ካተረፉልኝ ይውሰዱ፣ ደክመውበታል፣ ስል ኖሬያለሁ።

ለካ ከጠቅላላው ነው!

ገበያው ወርዶ እኔ ስከስር እንኳን እነሱ ድርሻቸውን ያነሳሉ። ብሩ ባደገ ቁጥር ፊውም ያድጋል። የተቆረጠው ብር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የሚወልደውም አብሮ ይሄዳል። እስቲ ዕቁብ ሰብሳቢው ዕጣው ወጣም አልወጣም በየሳምንቱ እየጨለፈ ኪሱ ቢከት ዝም ትሉታላችሁ?

ደሜ ፈላ። ተነሳሁ።

ወገኖቼ፣ አርፌ ፒዛዬን መብላት ነበረብኝ።

«እኔና እትዬ አስካለ ላይ የምክር ክፍያ ትቆርጣላችሁ! ማንም መክሮን አያውቅም! ይሄ ስርቆት ነው!» አልኩ። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት። ስናደድ እንግሊዝኛዬ ያምርልኛል።

ዳኒ ከኋላ «ተናገሪ እህቴ!» ብሎ አጨበጨበ። ሴኩሪቲዎቹም አጨበጨቡ። ለትንሽ ጊዜ ጀግና ነበርኩ።

ሊንዳ ፈገግ አለች። ሰው ስትሰድቡት ፈገግ ካለ እወቁ፣ አልቆላችኋል።

«ያ ክፍያ ሁሉም ሰው ላይ የለም» አለች፣ በጣም በትህትና። «ብራችሁን እየተከታተልን እንድናስተዳድርላችሁ ስትፈልጉ ብቻ ነው። ከእኛ ሰው ይደውላል፣ ያስረዳል፣ እሺ ስትሉ ይጀመራል። የደወለልሽ ሰው ነበር?»

«ማንም!» ልል አፌን ከፈትኩ።

ኬቨን!

ኬቨን ትዝ አለኝ።

ካቻምና ነው። ከሥራ ስንመለስ ዋይት ሴንተር ሥጋ ልገዛ ሥጋ ቤቱ ጋ ፓርክ አድርጌ፣ እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ስልኬ ጠራ። ኬቨን የሚባል ልጅ ነው። ድምፁ ማር! «ቀንሽ እንዴት ነበር?» አለኝ። ይሄን ጥያቄ ባሌ ከጠየቀኝ ስንት ጊዜው!

ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። አስረዳ፣ አስረዳ፣ አስረዳ። ሥጋ ቤቱ ሊዘጋ ነው። አንድም ነገር አልገባኝም፣ ግን «እህ… እህ…» እያልኩ ሰማሁት። መጨረሻ ላይ «እና እኛ እናስተዳድርልሽ?» አለ።

አሁን እናንተ ፍረዱኝ። ሰው ጉሮሮው እስኪደርቅ ለፍቶ አስረድቶሽ «አልፈልግም» ይባላል? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ እንዴ?

ክፍያ እንዳለው ነግሮኛል። እኮ ነግሮኛል! ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።

እሺ አልኩት።

በዚህ ባበቃ! «እትዬ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እርስዎም ይግቡበት» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። እኔ እያስተረጎምኩ እሳቸውም እሺ አሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው!

ታዲያ ለምን ምክሩን አልተጠቀምሽበትም ትሉኝ ይሆናል። «በማንኛውም ሰዓት ደውይልኝ» ብሎኝ ነበር። ልጁን ማስቸገር ከብዶኝ ነው። እየከፈልኩት!

ሊንዳ አሁንም መልሴን እየጠበቀች ነው።

«ምናልባት… ኬቨን የሚባል ልጅ…» አልኩ።

«እና እሺ አልሽው?»

«በጣም ስላስረዳኝ…»

ዳኒ ላይ ፊው ለምን እንደሌለ ገባችሁ? ለእሱም ደውለውለት ነበር። «ቢዚ ነኝ ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት!» አለ፣ ሕዝብ እየሰማ። ባለጌው ብሩ ሙሉ ነው፣ ጨዋዋ ነኝ የጎደለብኝ!

ኩምሽሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ሊንዳ ያለፈው እንደማይመለስ፣ ከአሁን በኋላ ግን ደውለን ማቋረጥ እንደምንችል ነገረችን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዳኒ የሥራ ሽፍቱ እስኪያልቅ ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር «እህቴ፣ ኬቨን ሰላም ነው?» ሲለኝ ዋለ።

እሱስ ይሁን። ያሳፈሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው።

ፒዛቸውን ሳይነኩ ጉልበታቸውን እያሹ ይሰሙ ነበር። የራሴን ብር በይሉኝታ ብበትን የራሴ ጉዳይ። የሳቸውን ምን አገባኝ? እሳቸው ላይ የምትቆረጥ እያንዳንዷ ብር በዚያ ጉልበት ትንሽ ጨምሮ መቆም ናት። በሰው ጡረታ ነው ጨዋ የሆንኩት! የምሬን ነው፣ አፈርኩ።

ማታ መኪና ውስጥ ገባን። ወደ ሰፈራችን የሚያሻግረን ድልድይ ላይ ትራፊኩ ቀጥ ብሏል። ሬዲዮ ከፈትኩ። እትዬ ዘጉት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ፓርክ ስታደርጊ እናወራለን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እንዴት እንዳለቀ አትጠይቁኝ።

ሥጋ ቤቱ ጋ ፓርክ አደረግኩ። ያው ቦታ! እትዬ ስልኬን አዩና «ደውይ» አሉኝ።

ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ። አሽሊ የምትባል ልጅ አነሳች። እሷ ደግሞ ከኬቨን ትብሳለች! «ቀናችሁ እንዴት ነበር?» አለች። የእትዬን መረጃ ጠየቀች፣ ሰጠናት፣ አገልግሎቱን ማቋረጥ እንፈልጋለን አልኳት።

«ውይ፣ በጣም ያሳዝናል። ከማቋረጤ በፊት ሁለት ደቂቃ ብቻ ላስረዳችሁ?»

«ኦኬ፣ እንግዲህ ካልሽ…»

አዎ! እንዲህ አልኩ! ምላሴ ራሱን ችሎ ነው የሚሄደው!

እትዬ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ከአፋቸው የሰማሁት እንግሊዝኛ «ሃይ ሃኒ» እና «ሆት! ሆት!» ብቻ ነው።

«ኖ» አሉ።

አሽሊ ማስረዳቷን ቀጠለች።

«ኖ፣ ሃኒ። ፊኒሽ። ታንክ ዩ።»

ከዚያ አሽሊ «ኦኬ፣ ማም» አለችና አቋረጠችላቸው።

ይኸው ነው! ሰማይ አልተደፋም! አሽሊ አላለቀሰችም!

እትዬ ስልኩን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ቀን እሺ ያልኩት ልጁን አፍሬ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «አንቺን አፍሬ ነው። ጠዋት ማታ እየነዳሽኝ፣ ለእኔ ብለሽ እያስተረጎምሽ፣ እንዴት አልፈልግም ልበልሽ?»

ለካ የእትዬ ኬቨን እኔ ነኝ!

አለቀስኩ። ሥጋ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሥጋውን አንጠልጥሎ እያየኝ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝና «በይ፣ ሁለተኛ ስታማክሪኝ አልፈልግም ብልሽ እንዳታኮርፊ። አሁን ያንቺን አዘጊ» አሉ።

አዘጋሁ። ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ አሽሊ መልሳ እያጽናናችኝ፣ ግን አዘጋሁ!

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት «አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ስንት ትሰጡታላችሁ?» አለች።

አምስት!

እትዬ አዩኝ። «ምን ላድርግ፣ ጨዋ ልጅ ናት!» አልኩ።

ሶ፣ ዛሬ ማታ አፓችሁን ክፈቱና ምን እንደሚቆረጥባችሁ እዩ። የእናንተ ኬቨን ማን ነው? ወይስ እንደኔ፣ ሳታውቁት የሰው ኬቨን ናችሁ?