ሰባ መጽሐፍ ሸጠን አንድ አንባቢ ስንፈልግ

አሥር ደቂቃ ስጡኝና ቁጭ በሉ። ስትነሱ «ጊዜያችንን መልሺ» የምትሉኝ አይመስለኝም። የማወራችሁ ስለ መጽሐፍ ሽያጭ ነው፤ የሽያጭ ወሬ እንደሚሰለች ደግሞ አውቃለሁ፣ እኔ ራሴ ስማረው ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። ይህኛው ግን ሌላ ነው።

የተማርኩት ከስልኬ ነው። ቤይሩት ውስጥ ሸሚዝ እየተኮሱ የማይማሩት ነገር የለም። ስልኩን ከመተኮሻው ጫፍ ታቆሙታላችሁ፣ አንዱን ማዳመጫ ጆሯችሁ ውስጥ ትሰካላችሁ፣ ሌላውን ጆሮ ለአሠሪያችሁ ለማዳም ጥሪ ክፍት ትተዉታላችሁ፣ በቃ፣ ትምህርት ቤት ገብታችኋል። አንዷ ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ጸጉር ሥራ ተማረች፣ ሌላዋ ፈረንሳይኛ ጀመረች። እኔ ማርኬቲንግ ተማርኩ። «ምን ልትሸጪበት?» ብትሉኝ በወቅቱ የምሸጠው ነገር አልነበረኝም። ያኒ፣ ማለቴ፣ እውቀቱ ቀድሞ መጣና ዕቃውን ቁጭ ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ።

ዕቃው በዘይነብ በኩል መጣ። ዘይነብ ዓይን ኤል ረማነህ ውስጥ አንድ ክፍል የምንጋራ፣ ከሐይቅ ከተማ አካባቢ የመጣች፣ በዕድሜ ታላቄ የሆነች ሴት ናት፤ እንደ እኔው ቤት ለቤት እየዞረች በሰዓት ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ እኛ ፊልም ስናይ እሷ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ለባሏ የምትጽፍ ይመስለን ነበር። ባል እንደሌላት ካወቅን በኋላ እንኳ ሌላ ነገር አልጠረጠርንም። ለካ ልብ ወለድ ኖሯል፦ ሐሊማ የምትባል ልጅ ከእሷ ቀድማ ቤይሩት የገባች እህቷን ፍለጋ የምትንከራተትበት ታሪክ።

ወንድሟ ደሴ ላይ አሳተመላት። ለዕረፍት አገር ቤት ሄደው የሚመለሱ ልጆች ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ሻንጣቸው ውስጥ አሥር አሥር እየያዙላት መቶ ሃያ መጽሐፍ ደረሰ። የዘይነብ መጽሐፍ ሲገለጥ የሚያስነጥሰውም ለዚህ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወዲያው እመለስበታለሁ።

መጽሐፉ በደረሰ በሳምንቱ ዘይነብ አገሯ የምትገባበት የመውጫ ወረቀት አልቆ እጇ ገባ። ለስንት ዓመት የጠበቀችው ነገር እንዲህ በአንድ ጊዜ ሆነና አምስት ሳምንት ቀራት። ያን ዕለት አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የማላውቃት ሰው፣ ፊቴን አይታ የማታዝንልኝ ሰው፣ አንብባ አንድ ቃል ትበለኝ። ያን ጊዜ አገሬ ገብቼ ሁለተኛውን እጽፋለሁ። ካልሆነ ኸላስ፣ ስልክ ለመደወል ብቻ ነው የምይዘው።»

እኔ ምን እንደሰማሁ ልንገራችሁ? «ሽጪልኝ» ስትለኝ ነው የሰማሁት። ሙያ የተማረ ሰው ጆሮው እንዲህ ይሆናል።

ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ትምህርት «ገዢህን እወቅ» ይላል፤ ገዢዎቻችንን ሁሉንም እናውቃቸዋለን፣ ስለዚህ ይህን በአንድ ቀን ጨረስኩ። ሁለተኛው «ገዢህ መጽሐፉን ይዞ ይታይ» ይላል። እሑድ እሑድ የሚወጡ ልጆች ለብሰውና ተኳኩለው ባሕሩ ዳር ፎቶ እንደሚነሱ ታውቃላችሁ፤ እያንዳንዷን መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስይዤ አነሳኋት። መጽሐፉ ከቀይ ቀሚስ ጋር እንዴት እንደሚያምር! ቀይ ቀሚስ የሌላት ቀሚሱን ከጓደኛዋ እየተዋሰች መጽሐፉን ገዛች። ሦስተኛው ትምህርት «ምስክርነት ሰብስብ» ይላል። እዚህ ላይ ጥቂት ተቻኩያለሁ። ልጆቹ ምን ብለው እንደሚጽፉ ሲቸግራቸው አይቼ «በእንባ ነው የጨረስኩት፣ እያንዳንዱ ገጽ የራሴን ሕይወት አሳየኝ» የሚል አረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ላክሁላቸው። ሃያ ሦስት ሰው ያንኑ ጻፈ። አንዷ «ይህን ለጥፊ» ያልኳትንም ቃል ጨምራ ለጠፈችው።

ሰባ መጽሐፍ ሄደ። በሦስት ሳምንት ሰባ! እኔ በደስታ መሬት አልረገጥኩም። ዘይነብ ግን ማታ ማታ ስልኳን ትከፍትና ምስክርነቶቹን ታያለች፣ ቀና ብላ ደግሞ እኔን ታየኛለች። «ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ነው ያለቀሱት?» አለችኝ አንድ ቀን። «ጥሩ ቦታ ነዋ» አልኳት።

አራተኛው ትምህርት «ደራሲው በአንባቢዎቹ ፊት ያንብብ» ይላል። እሑድ ከሰዓት አስቴር ጸጉር ቤት ውስጥ አዘጋጀሁት። አስቴር የጸጉር ቤቱ ባለቤት ናት፣ መጽሐፉንም መጀመሪያ የገዛችው እሷ ናት። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች መጽሐፋቸውን በቦርሳቸው ይዘው መጡ፤ ወንበር ያልደረሳቸው ካስኩ ሥር ቆሙ። ዘይነብ አዲስ ሻርፕ አድርጋ መሐል ላይ ተቀመጠች። የመረጠችው በጣም የምትወደውን ቦታ ነበር፦ ሐሊማ ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ወጥታ እህቷ አለችበት የተባለውን ቤት ደወል የምትጫንበትን።

«ሐሊማ ደወሉን ተጫነች። የእግር ኮቴ ሰማች። በሩም ተከፈተና» ብላ ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፈች። «ጨው አንሶታል ብላ ሳቀች።»

ቀና አለች። ወደ ኋላ ገለጠች። እንደገና ወደ ፊት ገለጠች።

«ዘይነብዬ፣ ቀጥይ እንጂ» አለች አስቴር፣ «እኔን ያስለቀሰኝኮ ይሄ ቦታ ነው።»

«ይሄ ቦታ የለም» አለች ዘይነብ።

«እንዴት የለም?»

«የለማ። ከአርባ ስምንት ገጽ ስልሳ አምስት ነው የሚሄደው።»

«ያንቺው ይሆናላ ጎዶሎው» አለችና አስቴር ከመስታወቱ ሥር የራሷን አነሳች። ሌሎቹም ከቦርሳቸው አወጡ። እንግዲህ አዲስ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጥ ጀርባው ሲጥ የሚል ድምፅ አለው፤ አንድ ሲጥ ሲል ማንም አይሰማውም። ሠላሳ መጽሐፍ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጥ ሲል ግን ይሰማል። ቀጥሎ አንዷ አስነጠሳት። ቀጥሎ ሌላዋን። በደቂቃ ውስጥ ጸጉር ቤቱ በሙሉ ያነጥስ ጀመር፤ ከደሴ ጀምሮ ታፍኖ የቆየ በርበሬ ገና ያን ቀን ነጻ መውጣቱ ነበር።

የሁሉም ጎዶሎ ነበር። ማተሚያ ቤቱ አንድ እጥፍ ወረቀት፣ ድፍን አሥራ ስድስት ገጽ፣ ከመቶ ሃያውም ላይ ዘሎታል። በሦስት ሳምንት ሰባ መጽሐፍ ሲሸጥ አንድ ሰው አልጠየቀም።

በማንም አትፍረዱ። ልጆቹ የገዙት ዘይነብን ስለሚወዷት ነው፤ ይሉኝታም ፍቅርም ነው፣ ሁለቱን መለየት ለእኛ ለራሳችንም ያስቸግረናል። ዘይነብም አልተቆጣችም። ያፈሩትን እሷው ዞራ ስታጽናና አመሸች፤ «አብሽሩ፣ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት ነው» እያለች።

ወደ ቤት ስንመለስ «አንቺስ?» አለችኝ። «በሩን ማን እንደከፈተው ታውቂያለሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። ምላሴ ላይ የመጣው እንዲያውም «በእንባ ነው የጨረስኩት» የሚለው ነው። «ሠላሳ ገጽ ደርሻለሁ» አልኳት። «ከዚያ ሽያጩ በዛብኝ።»

ራሷን ነቀነቀችና ለራት ምን እንደምንበላ ጠየቀችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሙሉውን ጽሑፍ ከስልኳ ወደ ስልኬ ላከችልኝ። ሰርቪስ ውስጥ፣ ያው በጋራ ታክሲው ውስጥ፣ ጀመርኩትና ከምወርድበት አልፌ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው እህቷ ናት። ስንት አገር አቋርጣ የመጣችላት እህቷ። ግን ማዳሟ ከኋላዋ ቆማ ስለነበር ያቺው እህት ሐሊማን ዓይን ዓይኗን እያየች በዓረብኛ «ቤት ተሳስተሻል» አለቻት። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ሶፍት አቀበለኝ። የተወሰደው ገጽ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከመጽሐፉ ውስጥ ልቡን መርጠው እንዳወጡት ቁጠሩት።

ማታ ለዘይነብ ነገርኳት። «ደግ» አለች። «ግን አንቺ አትቆጠሪም። ታውቂኛለሽ፣ በዚያ ላይ ጥፋተኛ ነሽ።»

ሺያህ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሥራ ስድስቱን ገጽ አባዝቼ መጣሁ፤ ለሰባውም ገዢ ላድል። ዘይነብ ከለከለችኝ። «የጠየቀ ይውሰድ» አለች። «ላልጠየቀ አትስጪ።» ስለዚህ ገጾቹን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ይቅርታ የጠየቁ ብዙ ነበሩ። ገጹን የጠየቀ አልነበረም። እሷም ሻንጣዋን ማሰር ጀመረች፤ የልጆች ጫማ፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ። የቀሩትን ሃምሳ መጽሐፎች «እዚሁ ይቅሩ» አለች። ስለ ሁለተኛው መጽሐፍ ማውራትም ተወች።

ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ምስር እየለቀምን ከማታውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት ገባላት። የዘይነብ ስልክ ቁጥር የመጽሐፉ ኋላ ሽፋን ላይ ታትሟል። ከድምፁ ጀርባ የቧንቧ ውኃ ይፈሳል፤ ማዳም እንዳትሰማ ውኃ ከፍቶ ማውራት የሁላችንም ሙያ ነው።

«ሰላም አለይኩም እህት፣ የመጽሐፉ ባለቤት ነሽ? እኔ ፎዚያ እባላለሁ፣ ሐምራ ነው ያለሁት። ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ነገር ደግ አይደለም። በሩ ተከፈተ ብለሽ ሰውን ደጃፍ አቁመሽ ወዴት ሄድሽ? አሥራ ስድስት ገጽ በልተሽብኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ትናንት ሩዝ አሳርሬ ተሰደብኩ። በሩን ማን እንደከፈተው ንገሪኝ።»

ዘይነብ አምስት ጊዜ ሰማችው። ፊቷን ብታዩት ሽማግሌ የተላከላት ልጃገረድ ትመስላለች። «ተቆጣችኝ» አለች። «ሰማሽ አይደል? ተቆጣችኝኮ።»

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው፦ ከገዢዎቻችን አንዷ ፎቶዋን ከተነሳች በኋላ መጽሐፉን እዚያ ሰፈር ለምትሠራ ልጅ ሰጠቻት፣ ያቺ ደግሞ በር ተቆልፎባት ለማትወጣው ለፎዚያ በቅርጫት ላከችላት። እዚህ ቤይሩት ቅርጫት በገመድ ከበረንዳ ይወርዳል፣ ባለሱቁ ዳቦና ጎመኑን ይጨምርበታል፣ ይወጣል። «ገጾቹን አሁኑኑ በስልክ ልላክላት» አልኩ። ዘይነብ ቀድማ ተነስታ ሻርፗን እያደረገች ነበር። «የመጽሐፏ ገጽ ነው፣ በእጇ ትያዘው። ያላ፣ ተነሽ።»

ፎዚያ ሕንጻዋን በመልእክት ጠቁማን፣ ማዳሟ ከምሳ በኋላ በምትተኛበት ሰዓት ሐምራ ደረስን። ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ አንዲት ቀጭን ልጅ ቅርጫቷን አወረደች። ገጾቹን ከተትን፣ ወጡ። እዚያው የልብስ ማስጫው ሥር ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ እኛም ማዶ ቆመን ማየት ጀመርን። እኔ ሰው ሲያነብ ቆሜ አይቼ አላውቅም። ዘይነብም አላየችም። ናጡሩ፣ የሕንጻው ዘበኛ፣ መጣና ምን እንደምንጠብቅ ጠየቀን። «እስክትጨርስ» አለችው ዘይነብ፣ ዓይኗን ሳታወርድ። በመሐል ፎዚያ አንድ ወረቀት መልሳ ወደ ኋላ ገለጠች። ዘይነብ ክንዴን ጨመደደችኝ። «ተመለሰች። የቱ ጋ ይሆን የተመለሰችው?»

ልጅቷ ጨረሰችና ገጾቹን አጠፈቻቸው። ከዚያ በበረንዳው ብረት ላይ ጎንበስ አለች።

«እህቷ ናት?»

«እህቷ ናት» አለች ዘይነብ።

«እያየቻት ተሳስተሻል አለቻት?»

«አለቻት።»

«ምን ታድርግ እሷም» አለች ፎዚያ። ቀጥላ ግን «እኔኮ ገጹ ሲጠፋብኝ የራሴን ሠርቼ ነበር» አለች። «ለጎረቤት በረንዳዋ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ የነገርኳት የራሴን ነው። የኔም መጥፎ አልነበረም።»

«ንገሪኛ» አለች ዘይነብ፣ አንገቷን እንደ ቀጭኔ አስግጋ።

«በኔው በሩን የምትከፍተው ማዳሟ ናት። ሐሊማን አይታ ግን አትቆጣም፣ ግቢ ትላታለች። ገብታ ስታይ ጠረጴዛው ላይ...»

ከውስጥ ጥሪ ተሰማ። «ሜርሲ እህቴ» አለችና ፎዚያ ገብታ በሩን ዘጋች።

ዘይነብ መንገዱ ዳር ቆማ ቀረች። «ጠረጴዛው ላይ ምን?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ሰርቪስ ውስጥም፣ ደረጃ ስንወጣም፣ ያንኑ ጠየቀችኝ። በአራተኛው ቀን አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ አቅፋኝ ተላቀስንና ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። «ያቺ ልጅ ከደወለች፣ ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ ጠይቂልኝ።» ሁለተኛውን መጽሐፍ አገሯ ሐይቅ ገብታ ጀምራለች። ፎዚያ ውኃ በከፈተች ቁጥር አንድ አንድ ቁራጭ ትልክላታለች። እስካሁን ጠረጴዛው ጋ አልደረሱም።

እኔ ሃምሳውን መጽሐፍ እየሸጥኩ ነው። የተባዙትን ገጾች ውስጡ አልከተትኩም፤ የጠየቀ ይወስዳል። ማርኬቲንግ የሚያስተምሩት ሰዎች ይህን ትምህርት ገና አልደረሱበትም፣ ሲደርሱበት እነግራችኋለሁ።

እስከዚያው እናንተም አንድ ነገር ሞክሩ። ከወዳጃችሁ በይሉኝታ የገዛችሁት አንድ መጽሐፍ የሆነ ቦታ አላችሁ፤ አላችሁ፣ አትከራከሩኝ። ዛሬውኑ አውርዱት፣ አቧራውን እፍ በሉና ከመጀመሪያው አንብቡት። ገጽ ጎድሎ ካገኛችሁ ለጻፈው ሰው ደውላችሁ ተቆጡ። ሙሉ ከሆነም ደውሉ፤ የሚያስቆጣ ነገር አታጡበትም።