የእንኳን ደህና መጣችሁ ማሽን

ትናንት ያየሁት ሕልም የጀመረው ከሰልፍ ነው። የተሰለፉት ግን ተማሪዎች አልነበሩም፤ ፕሮፌሰሮች ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ውኃና ዳቦ በፌስታል ይዘው፣ በዩኒቨርሲቲው ካርድ ክፍል መስኮት ፊት ቆመዋል። ከመስኮቱ ውስጥ ሕመምተኞች ተቀምጠው ተራ ቁጥር ያድላሉ። አንዱ ግሉኮሱ ከክንዱ ሳይነቀል ማኅተም ይመታ ነበር።

እኔ አዲስ ተማሪ ነበርኩ። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፣ አንደኛው ከላይ፣ ሌላው ከታች፣ በጋራ የሚሰጡትን የጤና ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ተቀባይነት አግኝቼ፣ የአቀባበሉ ቀን ነው ተብዬ መጥቻለሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልተመዘገበ ቦታውን ያጣል። ይህን ማን እንደነገረኝ አላውቅም። በሕልሙ ውስጥ ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር።

የትምህርት ማስረጃ የምትመረምረው ዶሮ ነበረች። ጠረጴዛው ላይ ቆማ የውጤት ወረቀቴን በእግሯ ጫር ጫር አደረገችው። የሚለቀም ነገር ስታጣበት ትታው ወረደች። ማለፌ ነው አሉኝ።

ከዚያ ዲኑ ዘንድ ቀረብኩ። ጋሽ ሽብሩ ይባላሉ። ፒጃማ የለበሱ፣ ግራ እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ ሽማግሌ ናቸው። ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጊዜ ታመው የተኙት እሳቸው ስለሆኑ ነው ዲን የተደረጉት። የሰጡኝ የምዝገባ ቅጽ የሪፈር ወረቀት ነበር፤ አንድ ሐኪም ቤት በሽተኛውን ወደ ሌላው ሲልክ የሚጽፈው ዓይነት። ስሜና ዕድሜዬ ተሞልቷል። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ቀርቷል፤ «የመጣችበት ምክንያት» ይላል።

«እሱን ሙይው» አሉኝ ጋሽ ሽብሩ።

«ሳይሞላ አይሆንም?»

«ይሆናል። ግን አትገቢም።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩና መልሼ አስቀመጥኩት። የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። የማያውቁኝ ሰዎች እንዲያነቡት ስላልፈለግሁ ነው። ጋሽ ሽብሩ አልተቆጡም። ምክንያት ለሌለው ተማሪ እዚህ ወንበር የለም፣ ምናልባት የታችኛው ዩኒቨርሲቲ ይኖረው ይሆናል አሉና እንድተኛ አዘዙኝ። ቃሬዛ ቀርቦልኝ ነበር። በእግሬ መሄድ እችላለሁ ብል፣ ተማሪ በእግሩ ሲሄድ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ተኛሁ። ጫማዬን ማውለቅ ይኑርብኝ አይኑርብኝ ግራ ገብቶኝ አንዱን ብቻ አወለቅሁ።

ቃሬዛውን የተሸከሙት ሁለት ፕሮፌሰሮች ነበሩ። በራሴ በኩል ያለው የላይኛው ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ በእግሬ በኩል ያለው የታችኛው። በደረጃው ላይ ሲወርዱ ስለ እኔ ይጨቃጨቁ ጀመር። አንዱ የእናንተ ናት ይላል፣ ሌላው የእናንተ ናት ይላል። መጨረሻ ላይ ራሴ የላይኛው፣ እግሬ የታችኛው እንዲሆን ተስማሙ። ወገቤ የማን እንደሆነ ግን ሁለቱም አያውቁም ነበር። ለሴኔት ይቅረብ ተባለ።

የታችኛው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የተቀበለችን የምታስል ሴት ናት። ወረቀቴን አየችና ራሷን ነቀነቀች። የእንኳን ደህና መጣችሁ ማሽን ተበላሽቷል፣ ባለሙያው ስብሰባ ሄዷል አለች። ማሽኑን ከበስተኋላዋ አየሁት። ትልቅ ነጭ ቀለበት ነው። ሰው ተኝቶ ሲገባበት፣ እንኳን ደህና መጣህ ይለዋል። አሁን አንሶላ አልብሰውታል። አንሶላውን ገልጠን ብንሞክረውስ ብዬ ጠየቅኋት። እሷም ይህን የሚፈቅደው የላይኛው ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ማሽኑ የጋራ ነው።

አዙረው ይዘውኝ ወጡ።

ይህን መንገድ አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚህ አልጋ የለም፣ እዚያ ማሽን አይሠራም እየተባልኩ፣ ባለቤቴን በሁለት ሐኪም ቤቶች መካከል በአንድ ቀን አራት ጊዜ አመላልሼበታለሁ። አምስተኛ ጊዜ አላስፈለገም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በሕልሙ ግን መንገዱ በቃሬዛ ተሞልቶ ነበር። የሚወጣውና የሚወርደው ሁሉ ተማሪ ነው። አጠገቤ አንድ ወጣት ክንዱን ተንተርሶ ተኝቶ ይመጣል። ኡጁሉ እባላለሁ፣ ከጋምቤላ ነኝ፣ የወረዳ ጤና ባለሙያ ነኝ አለኝ። እሱ ቅጹን ሞልቶ ተመዝግቧል። የመጣበት ምክንያት ላይ «በስህተት» ብሎ ጽፎ ወዲያው ተቀብለውታል።

«ታዲያ ለምን ተኝተህ ትሄዳለህ?» አልኩት።

«ለምጄው ነው።» የእኔን ወረቀት አንገቱን አስግጎ አየው። «እህቴ፣ አገር የሚመራበት ፖሊሲ ልጽፍ ብለሽ መጥተሽ አንድ መስመር ያቅትሻል?»

«አላቃተኝም።»

«እንግዲያው ዋሺ። ሰዉ ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው።»

ሸካሚዎቹ ፕሮፌሰሮች በሐሳቡ ተስማሙ። እንዲያውም የእሱ ሸካሚ በውሸት የተሞላ ቅጽ ለማንበብ ይቀላል ብሎ አከለበት። ኡጁሉ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ ተለያየን።

የላይኛው ወንበር የለም አለ። የታችኛው ማሽኑ አልተሠራም አለ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስን መቁጠር ተውኩ። በመካከሉ ፕሮፌሰሮቹ ደክሟቸው ቃሬዛው ላይ ተኙና እኔ ተሸክሜአቸው ሄድኩ። እንዴት ሁለቱን ለብቻዬ እንደያዝኳቸው አላስታውስም። ከባድ አልነበሩም። አንደኛው በእንቅልፉ ያስተምር ነበር። የጤና ሥርዓት ማለት እርስ በርስ የተሳሰሩ ክፍሎች ማለት ነው ሲል ሰማሁት። ሌላኛው ደብተር አውጥቶ ጻፈው።

በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ባለው ድልድይ ላይ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከላይም ከታችም በሩን ሲገፉት ይሰማኛል። ተመልሼ ተኝቻለሁ፤ የተሸከመኝ ግን ማንም የለም፤ ቃሬዛው ድልድዩ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ ጋሽ ሽብሩ በአንድ እግራቸው እየነጠሩ መጡ። ትንፋሽ አጥሯቸው የቃሬዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ወረቀቱን ደረቴ ላይ ዘረጉት።

«ልጄ፣ ሁለቱም ሊዘጉ ነው። ጻፊና በፈለግሽው ግቢ።»

«ምን ብዬ?»

«ምን ብዬ ትላለች!» አሉ ለድልድዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔኮ የዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ተኝቼ ነበር። አንቺ የባልሽን ጫማ ይዘሽ ትሮጪ ነበር። ቡናማ ጫማ።»

ወደ ወንዙ ተመለከትኩ። ወንዙ ወደ ላይ ይፈስ ነበር፤ ይህ ምንም አልገረመኝም።

«ሌላ ሰው ይሆናል ያዩት» አልኳቸው።

«ይሁን፣ ሌላ ሰው ትሁን። ታዲያ የእሷን ጻፊላት።»

እስክሪብቶውን እጄ ውስጥ አደረጉት። በሩ ከሁለቱም ወገን ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ መጻፍ ፈለግሁ። በእርግጥ ፈለግሁ። የባለቤቴን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ፣ ሁለተኛውን ልጨምር ስል አንድ ሰው ጎኔን በክርኑ ነካኝ።

አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ የአቀባበሉ ንግግር ሲረዝም እንቅልፍ ወስዶኛል። መድረኩ ላይ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አስተባባሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ማይክሮፎን ይዞልኛል።

«ተራዎ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጡ።»

ተነሳሁ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች ዞረው ያዩኛል።

«ትርሲት ወልደኪዳን እባላለሁ» አልኩ። «ከክልል ጤና ቢሮ፣ ከመድኃኒት አቅርቦት ክፍል ነው የመጣሁት። የመረጥኩት ለደረጃ እድገት ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ከአስተባባሪዎቹ አንደኛው መነጽሩን አውልቆ፣ እየሳቀ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ።

«ከጠዋት ጀምሮ» አለ፣ «እውነቱን የነገረን ሰው አሁን ገና አገኘን።»

እንዲጨበጨብልኝም አዘዘ።