ጓሮ የማይደርሰው ዋይፋይ

አሰላ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ግቢ አለ። ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ጓሮው ላይ አንዲት የድንጋይ ክፍል፣ በመሃላቸው ማዕድ ቤት። ዋይፋዩ ያለው ትልቁ ቤት ውስጥ ነው። የቤቱ አባወራ ዘውገ ያለው ደግሞ ጓሮ ነው። ዋይፋዩ ጓሮ አይደርስም፤ የቤቱ ጣጣ ሁሉ ይኸው ነው።

ዘውገ ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ ነው። ዕድሜውን መንገድ ወደሌለበት አገር እየሄደ ለሰው መንገድ ሲያወጣ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ያችን ክፍል በገዛ እጁ ሠራት። ለካርታዎቼ ማስቀመጫ ናት ብሎ ነበር። ቀጥሎ አንዲት አልጋ ገባች። ከዚያ እሱ ራሱ ገባ። ይህ የሆነው ልጁ ስንዱ ከቤት በወጣችበት ዓመት ነው።

ስንዱ ያገባችው ሐዋሳ ያገኘችውን ልጅ ነው። ልጁን ክፉ ነው ያለ ሰው የለም፤ ጥፋቱ ሽማግሌ አለመላኩ ነው። ሁለቱ ፈርመው ሲያበቁ ለአባቷ በስልክ ነገሩት። ዘውገም «አይሰማኝም፤ እዚህ ኔትወርክ የለም» ብሎ ዘጋው።

ይኸው አራት ዓመት ኔትወርክ የለም።

ስንዱ በቪዲዮ በደወለች ቁጥር ሚስቱ ውዴነሽ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ደጁ ጋ ስትደርስ ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

«አየሽ» ይላል ዘውገ።

«አየሁ» ትላለች፤ ትመለሳለች።

እውነቱን ለመናገር ውዴነሽ ይህን ነገር በልቧ አልጠላችውም። ኔትወርክ የለም ማለት አልፈልግም ማለት አይደለም። ቃሉ ገመድ ይመስል በእሱ ተንጠልጥላ ኖራለች። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ግን ስንዱ ደወለችና፣ «እማ፣ ለፋሲካ ልጁን ይዘን ብንመጣ በሩ ይከፈትልናል?» አለች። ልጁ ሰባት ወሩ ነው፤ አያቱ አይቶት አያውቅም። ውዴነሽ አዎ ብትል ዋሸች፣ አይሆንም ብትል ዘጋች። «ትንሽ ታገሽኝ» አለቻት።

በማግስቱ ከኪዳን ስትመለስ ባህሩ ሱቅ ጎራ አለች። ባህሩ ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው። ከራዲዮ ጥገና ተነስቶ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ እየፈታ እየገጠመ እዚህ ደርሷል። ብዙ አይናገርም፤ ሲሰማ ግን እስከ መጨረሻው ይሰማል።

«ያንን ትልቁን ስጠኝ» አለችው፣ መደርደሪያው ላይ አንቴናዎቹን እንደ ቀንድ ያቆመውን የዋይፋይ ሳጥን እያሳየችው።

«እትዬ ውዴ፣ ለማን ነው?»

«ለጋሼህ ነዋ። ጓሮ አይደርሰውም።»

«አሁን ያለው የት ነው የተቀመጠው?»

«ቡፌ ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጋር። አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሼዋለሁ።»

ባህሩ አልሳቀም። ይህን በየቤቱ አይቶታል። «ሸፍነው፣ በመስታወት ዘግተው፣ ለምን አይደርስም ይላሉ?»

«እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«ደግ አደረጉ፤ አልተሰበረም። ጓሮ ያለ ሰው ግን ቡፌ ውስጥ ያለውን በምን ይወቅ?»

ውዴነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ትልቁስ? ግድግዳውን አይበሳም?»

«ትልቁ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እሱ ልክ ነው። የጋሼ ስልክ ግን ትንሽ ናት፤ የእሷ ድምፅ እዚህ ድረስ አይመጣም። አንዱ ወገን ብቻ ቢጮህ ግንኙነት አይባልም፣ እትዬ። ያ ደካማው መመለስ መቻል አለበት።»

ደጁ ላይ ቆማ የተናገረችባቸው አራት ዓመታት በዐይኗ ላይ ውልብ አሉ። «እሱስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ብዙ ጮኸናል።»

«እንግዲያው መካከለኞቹን ሁለቱን ይውሰዱ። አንዱ ትልቁ ቤት፣ ከቡፌው ወጥቶ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ። ሁለተኛው ከዚያ እየሰማ ለጓሮው የሚያቀብል።»

ቅዳሜ ከሰዓት ባህሩ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን ከሳሎኑ መደርደሪያ በላይ ሰቀለው። ውዴነሽ አቀባዩን ይዛ ወደ ጓሮ ገሠገሠች። «ይሄን እዚያው ራስጌው እናድርግለት።»

«እዚያ ከሆነ ምን ይሰማል? ከወዲህ ምንም የማይደርሰው ቦታ ነው። ሳይሰማ ምን ያቀብላል? ሁለቱንም የሚሰማበት ቦታ ነው የምንፈልገው።»

ዘውገ ድምፅ ሰምቶ ብቅ አለ፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። «ምንድን ነው የምትተክሉት?»

«ለአንተ ነው» አለች ውዴነሽ።

«እኔ ምን ጎደለኝ?»

«ኔትወርክ።»

ዘውገ የገዛ ቃሉን ምን ብሎ ይመልሰው? በሩን ተደግፎ ያያቸው ጀመር። ባህሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ የምልክቱን መስመሮች እየቆጠረ፣ ግቢው መሃል ወዲያና ወዲህ ይላል። ቀያሽ የነበረ ሰው ይህን ቆሞ ማየት አይችልም።

«በዐይን አይለካም» አለ። ገብቶ ሜትሩን ይዞ ወጣ።

ከክፍሉ ግድግዳ ጀመሩ። ስልሳ ሳንቲ ሜትር። ባህሩ በእጁ መታ መታ አደረገው። «ጋሼ፣ ለአንዲት ክፍል ይህን ያህል ውፍረት ምን ያደርጋል?»

«ብርድ እንዳይገባ።»

«ታዲያ አልገባም?»

ዘውገ ሜትሩን ሲጠቀልል ቆየ። «ገብቷል» አለ።

ዘውገ ግቢውን ለካ። ወደ ትልቁ ቤት አሥራ አንድ ሜትር፣ ወደ ጓሮው አሥራ አንድ ሜትር። ልኩ ያረፈው የማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ከመስኮቱ ሥር የውዴነሽ ዱካ አለች፤ ሽንኩርት ስትልጥም፣ ዳዊቷን ስትደግምም እዚያ ነው የምትቀመጠው።

«ይህማ የኔ ቦታ ነው» አለች።

«ከዚህ የተሻለ የለም» አለ ባህሩ። አቀባዩን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሶኬቱን ሰካ። «እትዬ፣ መሃል ያለው ይሞቀዋል። ከሁለቱም ይሰማል፣ ለሁለቱም ይናገራል፤ ዕረፍት የለውም። ሲግል ተበላሸ ብለው እንዳይነቅሉት።»

«አይዞህ፣ አልነቅለውም። መጋሉን እኔም አውቀዋለሁ።»

ዘውገ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አያት። አራት ዓመት ሙሉ ጓሮው በር ላይ ምግብ ይዛ ስትቆም ያያት ነበር፤ ዛሬ ግን አስተውሎ አያት። መሰላሉን ከባህሩ እጅ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ባህሩ የዘውገን ስልክ ተቀብሎ ከአዲሱ ጋር አገናኛት፤ እያንጎራጎረ ወደ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ወጣ። «ጋሼ፣ ሙሉ ነው። አልጋው ድረስ ሙሉ ነው።»

ስልኳ በዘውገ መዳፍ ላይ መንጫጫት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፤ ከዚያ ቆጠራው ጠፋ። የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ ይገባ ጀመር። ዘውገ ማያውን አላየም። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ደፋ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣትና እጁን ጫነባት፤ ድምፁ ግን በጣቶቹ መሃል እየሾለከ መጣ። ውዴነሽ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ጸሎት ጀመረች። አሁን ሰበቡ ከግቢው ወጥቷል። ካሁን በኋላ እምቢ የሚል ከሆነ እምቢ ብሎ ነው የሚላት፤ ለስንዱም ያንኑ መንገር ሊኖርባት ነው። ምነው ባልጀመርኩት አለች በሆዷ። ከንፈሯ ግን የጀመረችውን ጸሎት አላቋረጠም።

ባህሩ አሮጌውን ሳጥን አቧራውን እየጠረገ፣ «አንዲት ነገር ቀረች» አለ። «የዋይፋዩ ስምና ቁልፍ፣ የይለፍ ቃሉ። የድሮውን ስሙን ማን ነበር የሞላው?»

«ስንዱ ናት» አለች ውዴነሽ። ስሟ ግቢው ውስጥ ጮክ ተብሎ ከተጠራ ቆይቷል።

«ብዙዎች እንዲህ አዲስ ሲገባ ይቀይሩታል። አንድ ጊዜ ከተቀየረ በፊት ያውቀው የነበረ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ጋሼ፣ እንቀይረው?»

«ካልተቀየረስ?» አለ ዘውገ።

«ካልተቀየረማ፣ ድሮ የገባ ስልክ ደጁ ላይ ሲደርስ ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል።»

«አራት ዓመት ርቆ ቢቆይም?»

«ስልኩ አይረሳም፣ ጋሼ። መቀየር የምንችለው እኛ ነን።»

ዘውገ ጉልበቱ ላይ ያለችውን ስልክ በአውራ ጣቱ ዳበሳት። ውዴነሽ መሬት መሬቱን ታያለች። ከጎረቤት ቤት ቆርቆሮ ላይ ርግቦች ተነሥተው ሄዱ።

«አትንካው» አለ በመጨረሻ። «የድሮው ይሁን። ከሩቅ የመጣ ስልክ ደጅ ቆሞ ማን ነህ አይባል።»

ውዴነሽ የቀረው እንዳይቀር ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ከእሱ ጋር አብሮ የሚመጣ አዲስ ስልክ ቢኖርስ?» አለች። «ቤታችን ገብቶ የማያውቅ?»

ባህሩ ጎንበስ ብሎ መፍቻዎቹን መልቀም ጀመረ።

«አዲሱ ይጠይቅ» አለ ዘውገ። ስልኳን ገለበጣት፤ ብርሃኗ ፊቱ ላይ በራ። «ደጅ ቆሞ፣ እንደ ወጉ ይጠይቅ። በመጀመሪያው አልነግረውም። በሁለተኛው ሲጠይቀኝ ግን፣ ቁልፉን እኔው በአፌ እነግረዋለሁ።»