ዜሮ የተጻፈበት ሳፋ

ኧረ ጉዴን ስሙልኝ! ስንት ዓመት የደበቅኩትን ልጄ ዛሬ ከቁም ሳጥን ጎትታ አወጣችው።

የደርግ ጊዜ ደብተሬን! እሷ ደግሞ የምትማረው ስታቲስቲክስ ነው። አንድ ገጽ አየችና «አባዬ፣ ዓሣ የሚገድለው መርዙ ነው ወይስ ንጹሑ ውኃ?» አለችኝ።

ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባ ምንጭ፣ ጥጥ እርሻ። አዲስ የተባይ መድኃኒት መጣና «መጀመሪያ ዓሣ ላይ ሞክሩት» ተባልን። አራት ሳፋ፣ በየሳፋው አሥር ቆሮሶ ዓሣ። ዜሮ የተጻፈበት ንጹሕ የምንጭ ውኃ ነው፣ ለማወዳደሪያ። ከአንድ እስከ ሦስት መድኃኒቱ እየጨመረ ይሄዳል።

የእኔ ሥራ በየጠዋቱ መቁጠር። በቃ!

ቅጹ ላይ ያለው «ሕያው» እና «ሙት» ብቻ ነው። የሞተውን ዓሣ ሳይሸት ዘበኛችን ጋሽ ጫቦ እኔ ሳልደርስ በማለዳ ይቀብሩታል። እኔ የጎደለውን ሁሉ «ሙት» ብዬ እሞላለሁ።

በአራተኛው ቀን ከሦስት ቁጥር ስድስት ሞቷል። ከዜሮ ዘጠኝ!

ደመርኩ፣ አካፈልኩ፣ እንደገና ደመርኩ። የዜሮውን ውኃ ቀምሼ ሁሉ አየሁ። (አልሞትኩም!) ግራ ገባኝ።

አለቃዬ ወረቀቱን አገላብጦ «ጓድ፣ በዚህ ዳታ መድኃኒቱ ጉዳት የለውም። ነገ ተፈርሞ ርጭት ይጀመራል» አለ።

ከእርሻው በታች ያለው ሰው የሚጠጣው ከቦዩ ነው። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

እዚያው አለቃዬ ፊት ዘበኛውን ጠራሁ። «ጋሽ ጫቦ፣ ከዜሮው ስንት ቀበሩ?»

«ምን እቀብራለሁ? ጠብሼ በላሁ እንጂ!»

«ምን?!»

«አንተው አይደለህ መሠረተ ትምህርት ያስተማርከኝ? ዜሮ ማለት ምንም የለም ማለት ነው አልክ። ምንም የሌለበትን በላሁ። ሌላውን ነክቼ አላውቅም!»

አለቃዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋሽ ጫቦን አየ። ከዚያ ሪፖርቱን ቀደደው። «ከነገ ጀምሮ እሳቸው ይቁጠሩ፣ አንተ በር ጠብቅ» አለኝ።

ርጭቱ ቀረ። እኔም ሳምንት ሙሉ በር ጠበቅኩ።

ልጄ አሁንም እየሳቀች ነው። እስቲ ፍረዱኝ ወገኖቼ፦ በዚያ ግቢ ዜሮን ያስተማርኩት እኔ፣ ዜሮ የገባቸው ጋሽ ጫቦ። ታዲያ መምህሩ ማን ነበር?