የቆርቆሮ ጫካ

ጉዳዩ በጠቅላላው አንድ ጥንድ ጫማና ሁለት ባልዲ ቀይ ቀለም አስወጥቶኛል። ከነገ የመጣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። የከተማ ፕላን ባለሙያ ነው፤ የዛሬዋን ጎንደር ብዙም አያውቃትም፣ የምትመጣዋን ግን ኮምፒውተሩ ላይ ገንብቶ ጨርሷታል።

ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ በሚባለው ቦታ ያለውን የእህል መጋዘኔን «የወደፊት መናፈሻ» ብሎ ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀባብኝ። ካርታው ከጸደቀ መጋዘኔ ፈረሰ ማለት ነው።

«ምነው ኢንጂነር?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከሳተላይት ሲታይ እኮ ጫካ ነው።»

«አረንጓዴ የቀባሁት ቆርቆሮ ነው እንጂ! ጫካ ውስጥ ጤፍ በኩንታል ይሸጣል እንዴ?»

«ካርታው አይሳሳትም፣ ጋሼ።»

ጫማዬ እስኪያልቅ ቢሮው ተመላለስኩ። እሱ ግን ፀዳ ድረስ ለምን ይምጣ? ከላይ አይቶታል! እኔም መጋዘኔን ላልለቅ ምያለሁና፣ መሰላል አቁሜ ጣሪያውን ቀይ ቀባሁት። አዲሱ ምስል ሲመጣ ኢንጂነሩ ራሱ ደወለልኝ።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! ጫካው ተመንጥሮ መጋዘን ተሠርቶበታል። ቦታውን ለንግድ አድርገነዋል።»

ወጪ፣ ጫማና ቀለም። ገቢ፣ የራሴው መጋዘን።