ዝናብ የሌለው የክረምት እረፍት

አስተማሪ ሆኖ እረፍቱን በሰላም የጨረሰ ወንድ ካጋጠማችሁ፣ ወይ አማት የለውም፣ ወይ አማቱ ቪዛ አላገኘችም።

እኔ አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ውስጥ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ። ሥራው ያስረጃል፤ ግን በዓመት አንዴ ሁለት ወር ከምናምን ያሳርፋል። ዘንድሮ ሶፋዬ ላይ ለመዘርጋት ስዘጋጅ የባለቤቴ እናት፣ እማማ ዘነበች፣ ከደሴ መጡ።

ባለቤቴ ሜሮን ነርስ ናት፤ በማለዳ ወጥታ ማታ ስትመለስ እኔ በቁምጣ እዚያው ሶፋ ላይ ነኝ። በሦስተኛው ቀን እማማ ከእግር እስከ ራሴ ገረመሙኝ። በአምስተኛው ቀን መብራት ለምትከፍለው ልጃቸው አዝነው ማቀዝቀዣውን፣ ኤሲውን፣ አጠፉት። በሳምንቱ ወጥ ሲያወጡ ሥጋው ለሜሮን፣ መረቁ ለእኔ ሆነ። ያኔ ገባኝ… ከሥራ የተባረርኩ መስሏቸዋል።

"እማማ፣ የክረምት እረፍት ላይ እኮ ነኝ" አልኳቸው።

መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ ውጭ አዩ። አስፋልቱ ሊቀልጥ ምንም አልቀረውም።

"የቱ ክረምት?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ በዚያ ሰሞን ዳላስ ላይ "ዘነበ" የሚባል ነገር ቢኖር የእሳቸው ስም ብቻ ነበር። ሜሮን ትመስክርልኝ ብዬ ዞር ብል፣ ሳቋን አፍና "ተይው እማዬ፣ እሱም ከብዶት ነው" አለቻቸው። በእረፍቴ የምትቀና ሚስት እንዲህ ናት… አትታዘቡኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እማማ ጋሽ ታደሰን ጥግ ይዘው ሲያንሾካሹኩ አየሁ። ጋሽ ታደሰ ሌዊስቪል አንድ መጋዘን ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናቸው፤ ስንቱን ሐበሻ ሥራ አስገብተዋል። ሰኞ ጠዋት ኮል አደረጉልኝ። መጥቼ አፕሊኬሽን እንድሞላ፣ ወገቤን የሚያመኝ ከሆነም ቀለል ያለ ቦታ እንደሚፈልጉልኝ ነገሩኝ። ከትልቅ ሰው ጋር በስልክ መከራከር ነውር መስሎኝ ሄድኩ። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ፣ አስተማሪ መሆኔን፣ ኮንትራት እንዳለኝ፣ ደሞዜም ሳይቋረጥ እንደሚገባ አንድ በአንድ አስረዳሁ።

ጋሽ ታደሰ እስክጨርስ ሰሙኝና ትከሻዬን ያዙ።

"ልጄ፣ እኔም ሌይኦፍ አድርገው ከሥራ ያስወጡኝ ጊዜ ለልጆቼ ቫኬሽን ላይ ነኝ ነበር ያልኳቸው።"

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አፕሊኬሽኑን ሞላሁት።

ደግነቱ ለቦታው ትምህርትህ በዝቷል ተብዬ ቀረሁ። እማማ ይህን ሲሰሙ ጭራሽ ተስፋ ቆረጡ፤ በመማሬም አዘኑብኝ። ከዚያ በኋላ ሶፋው ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ከንፈር ይመጡልኝ ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ናፍቆኝ አያውቅም።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ተከፈተ። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስወጣ እማማ በር ላይ ቆመው እልል አሉ። እሁድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ ጥላ ይዘው ሄዱ። ለካ ሥራ ካገኘ ብለው ተስለው ኖሯል። ሰዉ ተሰልፎ "እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ፤ ጋሽ ታደሰማ አቅፈው ሊለቁኝ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ለሠራሁበት ሥራ "አሜን፣ አሜን" እያልኩ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ከኋላ ወንበር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ገና አዲስ ነህና እረፍት ምናምን ብለህ እንዳትጠይቃቸው።"