የኔትወርኩ ሰውዬ

ቢያድግልኝን በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን፤ ከሰላምታ ያለፈ ጨዋታችን ግን ጥቂት ነው። ደግነቱ፣ እሱን ለማወቅ የግድ እሱን ማወቅ አያስፈልግም። «ጥናት ላይ ነኝ» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። እኩዮቹ ሲያገቡ ጥናት ላይ ነው፤ ቤት ሲሠሩ ጥናት ላይ ነው፤ ጥናቱ መቼ እንደሚያልቅ የጠየቀውም ሰው የሚያገኘው መልስ «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል ነው።

የእኛው ክቡር ተመራማሪ ይህችን ቃል የማይነሰንስበት ነገር የለም። ሰማዩ ጠቁሮ እያየው «ይዘንብ ይሆን?» ሲሉት፣ «እንደ ሁኔታው ነው» ይላል። ምግብ ቤት ገብቶ ሽሮው ይጣፍጥ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ አንድ ሳህን በልቶ ስለ ሽሮ በጠቅላላው መናገር እንደማይቻል በትሕትና ያስረዳል።

የሚያጠናው ኔትወርክ ነው። መከራውም ይኸው ነው። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» በተባለ ቁጥር ሰልፈኛው ሁሉ ዘወር ብሎ እሱን ያያል። ባለሱቋ ሀብትነሽማ ገና በሩቁ ስታየው ትጮሃለች።

«አንተ ቢያድግልኝ! ዛሬ ደግሞ ምኑን ነካካህብን?»

«እኔ እኮ የምሠራው ሌላ ነው...»

«ሌላውን ተወውና ይኸን መልስልን!»

አይቆጣም። ቆሞ ያስረዳታል። ስኳር ሊገዛ መጥቶ፣ ስኳሩን ረስቶ ይመለሳል።

ለእኔም አንድ ቀን አስረድቶኛል። ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ እየተሻገረ እንዲሄድ የሚያደርግ ሶፍትዌር ጽፏል። ከቡሬ ወዲያ ያለ ገበሬ ስልኩን በኪሱ ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ስልኩም እዚያ ካገኘው ሌላ ስልክ ጋር በራሱ ይነጋገራል፤ ያኛው ደግሞ መልእክቱን ተቀብሎ ወደ እኛ ከተማ ያመጣዋል። ሰውየው ሳያውቀው ፖስተኛ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የተሰጡትን ስልኮች በቡሬ ዙሪያ ላሉ ገበያተኞች አደላቸው። ገበያ ይዛችሁት ውጡ ብሎ ማዘዝ ጥናቱን ያበላሻል ብሎ ስላመነ፣ «እንደ ልማዳችሁ ያዙት፤ አደራችሁን» ብቻ ብሏቸው ተመለሰ።

ከዚያም ራሱን አራቀ። ተመራማሪ ሲጠጋ ሰው ጠባዩን ይለውጣል ባይ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ መልእክት ጠበቀ፤ አንድም አልመጣም። ክረምቱን ሙሉ ጥፋቱን ከሶፍትዌሩ ውስጥ ሲፈልግ ከረመ። ጻፈ፣ አፈረሰ፣ እንደገና ጻፈ። አንድ ስልክ ኪሴ ከትቶ በግቢው ውስጥ ሲያዞረኝ መልእክቱ ይደርሳል፤ ከቡሬ ግን ወሬ የለም። መንገድ ላይ ያገኛቸውን ገበያተኞች ስለ ስልኩ ሲጠይቃቸው «ኧረ ደኅና ነው፣ ምንም አልሆነ!» ይሉታል። በመጨረሻ አማካሪው ደውለው ቁርጡን ነገሩት፤ በዚህ ዙር ውጤት ካላቀረበ ከዶክትሬት ትምህርቱ ይሰረዛል።

ስልኮቹን ሊሰበስብ ሲሄድ መንገዱን ስለማውቀው አብሬው ሄድኩ። መጀመሪያ የገባነው በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ሲሳይነሽ ቤት ነው። ገበያ አምልጧቸው አያውቅም፤ ቢያድግልኝም ከሁሉ አብልጦ ተስፋ የጣለው በእሳቸው እግር ላይ ነበር። እትዬ ሲሳይነሽ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ከክት ልብሳቸው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። በነጠላው ውስጥ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ስልኩ። የመስታወቱ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም።

«እትዬ፣ ገበያ ይዘውት አይወጡም ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ነካህ አንተ! የሰው አደራ ይዤ ገበያ መሐል ልንከራተት? ያ ሁሉ ሌባ ባለበት! እኔ ገበያ የራሴን ነው የምይዝ።» ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ። «አያ ደጀኔም ጎታ ውስጥ እህል ሥር ነው የቀበረልህ። ማናችንም አላሳፈርንህም።»

ቢያድግልኝ ስልኩን ተቀበላቸው። ክረምቱን ሙሉ ሲፈልገው የነበረው ጥፋት፣ እነሆ፣ መዳፉ ላይ ተቀምጧል። አሁንስ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን እናገር ነበር መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

«ጠቀምንህ ልጄ?» አሉት እትዬ ሲሳይነሽ። ፊታቸው በርቷል።

ስለ ዝናብ እንኳ ቁርጥ ያለ ቃል የማይወጣው ሰው፣ ሳይንተባተብ፣ «በጣም ነው የጠቀሙኝ። እንዲህ አድርጎ ማን ይጠብቅልኝ ነበር!» አላቸው። ጎንበስ ብሎም ጉልበታቸውን ሳመ።

አያ ደጀኔ ስልኩን ከጤፉ ውስጥ ሲያወጡለት እንደዚያው አመሰገነ። የቀሩትንም ከየተደበቁበት ስንሰበስብ ዋልን። በየቤቱ ተመረቀ፤ በየቤቱ እጅ ነሣ። አንዱንም ሰው «ምነው እንዲህ አደረጋችሁ?» አላለም።

ወደ ማታ ከቡሬ መነኸሪያ ጥብስ በቆሎ ገዛና ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ስልኮቹ ያሉበትን ካርቶን ልያዝልህ ብለው እንቢ አለኝና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከእንግዲህ ሀብትነሽ ብትጮህበት መልስ የምሰጣት እኔ ነኝ ብዬ በልቤ ቆረጥኩ፤ ድፍረቱን ካገኘሁ።

ሚኒባሱ ከከተማው ሲወጣ፣ ሲከነክነኝ የዋለውን ጠየቅሁት።

«ለአማካሪህ ምን ልትላቸው ነው?»

በቆሎውን ለሁለት ሰበረ። ትልቁን ግማሽ እጄ ላይ አኖረና በመስኮቱ በኩል ማሳ ማሳውን ማየት ጀመረ።